ሒሳቡ የማይገጥም ፊልም

ስለ ፊልም የሚጽፉ ሰዎች ፊልሙን ያዩት በጨለማ አዳራሽ፣ በሰፊ ሸራ ላይ፣ ከማያውቋቸው ሰዎች ጎን ተቀምጠው ነው። ስለዚህ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ካሜራው አቀማመጥ፣ ስለ ድምፁ ጥራት ይነግሩናል። እኔ ሲኒማ ቤት የገባሁባቸውን ቀናት በጣቶቼ ልቆጥራቸው እችላለሁ፤ ሁሉም የኮሌጅ ዘመኔ ናቸው። በእኛ በኩል፣ በገበዝ ማርያምም ሆነ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር፣ ፊልም ማለት ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር ነው። በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ነበረ፤ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ ከፊልሙ ድምፅ ይልቅ የጄኔሬተሩን ጩኸት እየሰማን እናይ ነበር። ከዚያ ሲዲው መጣ፤ ቀጥሎ ዲቪዲው፤ አሁን ደግሞ ፍላሽና የስልክ ሚሞሪ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ ማታ ከቤት የሚወጣ ሰው አልነበረምና፣ አሮጌው ፍላሽ ሁሉ ከየመሳቢያው እንደገና ወጣ። አንድን ፊልም አምስትና ስድስት ጊዜ ማየት የለመድነው ያኔ ነው።

አምስት ጊዜ ማየት ከአንድ ጊዜ ማየት የተለየ ሥራ ነው። መጀመሪያ ላይ ታሪኩ ይዞን ይሄዳል፤ በሦስተኛው ስንጥቁ መታየት ይጀምራል፤ በአምስተኛው ፊልሙ ወይ ዘመድ ይሆናል ወይ ይሰለቻል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ስለ ሆሊውድ አስቂኝ ፊልሞችና የቤተሰብ ድራማዎች ሲነሣ ከንፈራቸውን ሲጥሉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አብዛኞቹ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያዩ፣ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ ያላዩ ናቸው።

በቤታችን የትርጉሙ ሥራ የእኔ ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ማታ ብቅ የሚሉት አጎቴም ከቁጥሮቹ በቀር አይሰሙትም። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጬ የሚባለውን እየቀደምሁም እየዘገየሁም እናገራለሁ። በኡጋንዳ ‹‹ቪጄ›› የሚባሉ ባለሙያዎች ይህንኑ በማይክሮፎን ይሠሩታል፤ በጃፓንም ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ‹‹ቤንሺ›› የሚባሉ ተራኪዎች ከተዋናዮቹ እኩል ዝነኞች ነበሩ። እኔ ደመወዝ የሌለኝ የእነርሱ ዘመድ ነኝ። መሳሳም ሲመጣ ትርጉሜ ይፈጥናል፤ ሪሞቱም ከእጄ አይለይም። ይሉኝታ የሚሉት የፊልም ሳንሱር ክፍል በየቤታችን አለ።

አስቂኝ ፊልም የሚፈተነው በዚህ ወንበር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ‹‹ኤርፕሌን›› በአሜሪካ እጅግ ከሚወደሱ ኮሜዲዎች አንዱ ነው። በውስጡ ያለው ዝነኛ ቀልድ በአንድ ድምፅ ላይ የቆመ ነው፤ ‹‹ሹርሊ›› ሲባል በእንግሊዝኛ ‹‹በእርግጥ›› ማለትም ይሆናል፣ የሴት ስምም ይሆናል። አንደኛው ‹‹በእርግጥ የምርህን አይደለም›› ሲለው፣ ሌላው የምሩን መሆኑን ተናግሮ በሴት ስም አትጥራኝ ይለዋል። ይህ እንግዲህ ኅብር ነው። ዋሸራ ባለበት አገር ለተወለደ ሰው ኅብርን ማስረዳት ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። ነገር ግን ባለቅኔው ሁሉ እንደሚያውቀው ኅብር ድንበር አይሻገርም፤ ሰሙን ይዘውት ሲሻገሩ ወርቁ እዚያው ማዶ ይቀራል። እኔ እየሳቅሁ ተረጎምሁ፣ አብራራሁ፣ ደግሜ አብራራሁ። እናቴ በሐዘኔታ አየችኝና ‹‹ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው?›› አለች። ፊልሙ በቤታችን በዚያው ሞተ። ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም፤ ቅኔያችንን ለአሜሪካዊ ብንተረጉምለት እርሱም እንዲሁ ያየን ነበር።

‹‹ሆም አሎን›› (እ.ኤ.አ. 1990) ግን ተርጓሚ አላስፈለገውም። ሌቦቹ በበረዶው ደረጃ ላይ ሲንሸራተቱ፣ ቀለም የሞላው ቆርቆሮ ግንባራቸውን ሲመታቸው፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ ሁሉም ሳቀ። በሦስተኛው ጊዜ እናቴ ውድቀቱን ትታ ስለ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። ልጇን ረስታ ፓሪስ የደረሰችው እናት የአውሮፕላን ቦታ ለማግኘት በአውሮፕላን ማረፊያው ለአንዲት አሮጊት ጌጧንና ሰዓቷን ልትሰጥ ትለምናለች። ‹‹ሰዓቷንም ሰጠች?›› አለች እናቴ። ከዚያ ወዲህ ያን ፊልም የምታየው ለዚያች ቦታ ብላ ነው። የሚያስቀው የልጁ ወጥመድ ቢሆንም ፊልሙን ያቆመው ያች ሰዓት እንደሆነች እኔም የተረዳሁት በእርሷ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር ከፍሏል።

መናገር የምፈልገውም ይህንኑ ነው። የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አንድ ብር ብትጎድል ማንም ኮቱን አያነሣም። ግጥም የምጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ዓመል ፊልም ሳይም አይለቀኝም፤ ማን ከፈለ? ከየት አመጣው? የጎደለውን ማን ተካ? ብዙዎቹ የሆሊውድ የፍቅር ኮሜዲዎች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የላቸውም። ሰዎቹ ሥራ እንዳላቸው ይነገረናል እንጂ ሲሠሩ አናይም፤ ቤታቸው ሰፊ ነው፤ ኪራይ የተጠየቀበት ቀን የለም። ሒሳቡ የማይገጥም ፊልም መጀመሪያ ጊዜ ያስደስታል፤ አምስተኛው ጊዜ ላይ ግን ጉድለቱ ይታያል።

‹‹ፕሪቲ ውመን›› (እ.ኤ.አ. 1990) ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከእናቴ ጋር ባላየውም። አንድ ባለጠጋ አንዲትን ሴተኛ አዳሪ ለአንድ ሳምንት በ3000 ዶላር ይቀጥራታል፤ በመጨረሻም በፍቅር ይጣመራሉ። የመጀመሪያው የፊልም ጽሑፍ ርእሱ ራሱ ‹‹3000›› ነበር፤ መጨረሻውም መራራ ነበር። ስቱዲዮው ቁጥሩን ከርእሱ ላይ አነሣው፤ መራራውንም መጨረሻ አብሮ አነሣው፤ የቀረው ተረት ነው። ከዚህ ጎን የእኛን አገር ታላቅ የፍቅር ልብ ወለድ አስታውሱ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ሰው ሁሉ በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ያስታውሰዋል። ሆኖም በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ባላገሩ ለፊታውራሪ መሸሻ የሚያገባው፣ ከልማዱ በላይ የተጠየቀው፣ በእነ አበጀ በለው መሪነት እንቢ ያለው ሁሉ ተጽፏል። ፍቅሩ የተቀመጠው በዚያ ሒሳብ ላይ ነው። ሐዲስ ቁጥሩን ስላላነሡት መቃብሩም አልቀረላቸውም።

ይህን ስል ሳቅና ገንዘብ አብረው አይሄዱም ማለቴ አይደለም። አጎቴ በርበሬና በቆሎ ነጋዴ ናቸው። አንድ ማታ ‹‹ትሬዲንግ ፕሌስስ››ን (እ.ኤ.አ. 1983) አየን። ሁለት ሽማግሌ ሀብታም ወንድማማቾች በአንድ ዶላር ተወራርደው የአንዱን ሰው ኑሮ ያፈርሳሉ፤ ከመንገድ የተገኘውን ኤዲ መርፊን ደግሞ በእርሱ ቦታ ያስቀምጣሉ። በመጨረሻ የተበደሉት ሁለቱ ተባብረው ሽማግሌዎቹን በብርቱካን ጭማቂ ገበያ ይበቀሏቸዋል። ይህን የመጨረሻ ክፍል በባንክ ሙያዬም ሆኜ ለመተርጎም ተቸገርሁ። ሰዎቹ የሌላቸውን ጭማቂ በውድ ይሸጣሉ፤ ዋጋው ሲወድቅ በርካሽ ገዝተው ያስረክባሉ። ‹‹ጋሼ፣ እንዴት ልበልዎት…›› ስል አጎቴ እጃቸውን አነሡብኝ። ‹‹ቆይ! ለሽማግሌዎቹ ክረምቱ ክፉ ነው፣ ምርት የለም የሚል የሐሰት ወሬ ሰጧቸው፤ እነዚያ ገዙ፤ እነዚህ ሸጡ። ምኑ ይከብዳል? እኛ በቆሎው ገና እሸት ሳለ ዋጋ እንቆርጥ የለም ወይ?›› አሉ። ሽማግሌዎቹ 394 ሚሊዮን ዶላር ክፈሉ ሲባሉ አጎቴ እንዲያ ሲስቁ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላየኋቸውም። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾልኮ በወጣ ምስጢር መነገድን ሲከለክል፣ ድንጋጌው በዚህ ፊልም ምክንያት ‹‹የኤዲ መርፊ ደንብ›› መባሉን ስነግራቸውም ‹‹ዘገዩ›› ብለው ዝም አሉ።

‹‹ካሚንግ ቱ አሜሪካ››ን (እ.ኤ.አ. 1988) በተመለከተ ብዙ አልልም። ዛሙንዳ የሚባለው አገር አፍሪካን ያላየ ሰው የሣላት አፍሪካ ነች፤ ንጉሥ በነበረበት አገር ላደግን ሰዎች ያ ቤተ መንግሥት ከምንም ይልቅ ሆቴል ይመስላል። እነዚያ የከሰሩ ሁለት ሽማግሌዎች በዚህ ፊልም ውስጥ መንገድ ዳር ተኝተው ልዑሉ ገንዘብ ሲጥልላቸው ለአፍታ ይታያሉ፤ አጎቴ እንደ ድሮ ባለዕዳ ለይተው አወቋቸው። እኔን ያሳቀኝ ግን ከፊልሙ ውጭ የሆነው ነው። አርት ቡክዋልድ የተባለው ቀልደኛ ጸሐፊ ሐሳቡ የእኔ ነው ብሎ ፓራማውንትን ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ተፈረደለት። ከትርፉ ድርሻው ሲጠየቅ ኩባንያው ፊልሙ ከ280 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢያስገባም የተጣራ ትርፍ አላገኘም አለ! ፍርድ ቤቱ ያን የትርፍ አቆጣጠር ለኅሊና የሚከብድ ብሎ ጣለው። ሒሳብ የማይገጥመው በፊልሙ ውስጥ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ወደ ድራማው ልለፍ። ታናሽ ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። በፍላሹ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚመላለስበት ‹‹ዘ ፐርሱት ኦፍ ሀፒነስ›› (እ.ኤ.አ. 2006) ነው። ዊል ስሚዝ ክሪስ ጋርድነርን ሆኖ ይሠራል፤ የጋርድነር ታሪክ እውነተኛ ነው። ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ቤት ያጣ አባት ትንሽ ልጁን ይዞ በባቡር ጣቢያ መጸዳጃ ቤት ያድራል፤ በዚህ መካከል በአንድ የአክሲዮን ድርጅት ያለ ደመወዝ ለስድስት ወር ይለማመዳል። ወንድሜ አባትየው በሜዳ ላይ ሕልሙን ማንም እንዳይነጥቀው ለልጁ የሚመክርበትን ንግግር በወረቀት ገልብጦ ከአልጋው ራስጌ ለጥፎታል። ፊልሙን የሚያየው እንደ ማስረጃ ነው፤ የሮጠ ይደርሳል የሚል ማስረጃ።

ፊልሙ ክፉ ፊልም አይደለም። በተለይ አንድ ቦታ አለ፤ መንግሥት የግብር ዕዳ ብሎ ከባንክ ሒሳቡ ላይ ገንዘቡን ያነሣበትና 21 ዶላር ከ33 ሳንቲም ብቻ ይቀርለታል። ሳንቲሟ መጠቀሷን እወድለታለሁ። በመስኮቴ ፊት እንዲህ ያለ ቀሪ የተነገረው ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ዊል ስሚዝ ያን ፊት በትክክል አምጥቶታል። ይሁን እንጂ ፊልሙ ከእውነቱ ያነሣቸው ነገሮችም አሉ። እውነተኛው ጋርድነር በሥልጠናው ጊዜ መጠነኛ አበል ነበረው፤ ልጁም በፊልሙ እንዳለው የሚያወራና የሚቀልድ ሳይሆን ገና ሕፃን ነበር። የሚያወራ ልጅ ያስለቅሳል፤ አበል የሌለው አባት ደግሞ የበለጠ ያስለቅሳል። በሁለቱም በኩል ሒሳቡ ወደ እንባው ተጠጋግቷል።

እናቴ ይህን ሁሉ አልጠየቀችም። አባትና ልጅ መጸዳጃ ቤቱን ቆልፈው ወለሉ ላይ ሲተኙ፣ ከውጭ በሩ ሲንኳኳ፣ አባትየው የልጁን ጆሮ ይዞ ሲያለቅስ፣ እርሷም እያለቀሰች ‹‹ይህ ሰው ዘመድ የለውም እንዴ?›› አለች። ‹‹የለውም›› ብዬ አለፍሁ። ‹‹ጎረቤትስ? የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያንስ?›› አለች። በፊልሙ ውስጥ የሚሄዱበት የቤተ ክርስቲያን መጠለያ አለ፤ እርሱም ከሰልፍ ቀድሞ የደረሰ ብቻ የሚገባበት ነው። ይህን ስተረጉምላት ከለቅሶዋ ይልቅ ግራ መጋባቷ በለጠ። የሆሊውድ ድራማ ጀግናውን ጀግና ለማድረግ መጀመሪያ ብቻውን ያስቀረዋል። ለአሜሪካዊው ተመልካች ይህ እንደ አየር የለመደው ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለእናቴ ግን ከሁሉ የከፋው አደጋ እርሱ ነበረ፤ ፊልሙም ስለ እርሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከወንድሜ መጣ፤ ፊልሙን ለስንተኛ ጊዜ እንዳየነው እንጃ። ያን ሳምንት ለአንድ የሥራ ቦታ ተፈትኖ ስሙ ሳይወጣ ቀርቶ ነበር። በፊልሙ ሃያ ሰዎች ይለማመዳሉ፤ አንድ ብቻ ይቀጠራል። ጋርድነር መቀጠሩ ተነግሮት ከሕንፃው ወጥቶ በሕዝቡ መካከል እያለቀሰ ሲያጨበጭብ፣ ወንድሜ ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኘውና ‹‹ሌሎቹ አሥራ ዘጠኙ ያን ዕለት ማታ ቤታቸው ገብተው ምን አሉ?›› አለ። የሚተረጎም ነገር አልነበረም፤ የጠየቀኝ በአማርኛ ነው። እኔም በምሠራበት ሙያ አንድ ክፍት ቦታ ሲወጣ ስንት ማመልከቻ እንደሚቆለል አውቃለሁና ዝም አልሁ። ወረቀቱን ከግድግዳው አላነሣውም፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። እኔም አላነሣሁበትም። ፊልሙ ያዘለው ተስፋ ሐሰት ነው ብዬ ለተመራቂ ልጅ ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም፤ እውነት ነው ለማለትም እንዲሁ።

በሲኒማ ቤት ተሸንፈው በቤት ያሸነፉ ሁለት ፊልሞች አሉ፤ ሁለቱም ውስጥ የገንዘብ ሰው ዋና ነው። አንደኛው ‹‹ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን›› (እ.ኤ.አ. 1994) ነው። ሲወጣ ተመልካች አላገኘም፤ ለሰባት ኦስካር ታጭቶ አንድም ሳይወስድ ቀረ፤ ያነሣው የካሴት ኪራይና ቴሌቪዥን ነው። ያልሠራው ወንጀል ያሳሰረው የባንክ ሰው አንዲ ዱፍሬን፣ ለጠባቂው የውርስ ግብር መላ ይነግረውና ዋጋውን ለራሱ ሳይሆን ለጓደኞቹ በሰው ሦስት ሦስት ጠርሙስ ቢራ አድርጎ ይጠይቃል። በሙያዬ የምኮራው ያችን ቦታ ባየሁ ቁጥር ነው። ሲያመልጥ ግን የወህኒ ቤቱ ኃላፊ የሰበሰበውን የጉቦ ገንዘብ፣ ከ370 ሺህ ዶላር በላይ፣ ከየባንኩ ያወጣል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ገንዘቡ የእስረኞች ላብ ነበረበት፤ ሌሎቹ እስረኞች እዚያው ቀሩ። የፊልሙ እውነተኛ ቦታ ለእኔ ሽማግሌው ብሩክስ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያህል ታስሮ ሲፈታ የሚኖርበት ዓለም ያጣው። ከእርሱ በኋላ የባሕር ዳርቻው ሰማያዊ ሁሉ ይደበዝዝብኛል።

ሁለተኛው የፍራንክ ካፕራ ‹‹ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ›› (እ.ኤ.አ. 1946) ነው። ሲወጣ ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ1974 የባለቤትነት መብቱ ሳይታደስ ስላለፈ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በነፃ እያነሡ ገና በመጣ ቁጥር ያሳዩት ጀመር፤ በዚህ ምክንያት የየቤቱ ፊልም ሆነ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ወንድሜ ሊያጠፋው ሲል አስተረፍሁት። ጀግናው ጆርጅ ቤይሊ የሚሠራው የእኛን የቁጠባና ብድር ማኅበር በሚመስል ትንሽ ድርጅት ነው። በሠርጉ ዕለት ሰዉ ፈርቶ ገንዘቡን ሊያወጣ ይመጣል፤ ጆርጅ ለጫጉላ ሽርሽራቸው የያዙትን 2000 ዶላር ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፋል። የመጀመሪያው ሰው ያለውን ሁሉ፣ 242 ዶላር፣ ካልሰጠኸኝ ይላል። የሚቀጥሉት ሃያ ሃያ ይወስዳሉ። ከዚያ አንዲት ሴት ትመጣና 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይበቃኛል ትላለች። ሲዘጋ ሁለት ዶላር ቀርቷል፤ ሠራተኞቹ ሁለቱን ዶላር በሰሐን ይዘው እየጨፈሩ ወደ ካዝና ያስገቧታል። ባንክ ቤት ሰውን ምን እንደሚያስፈራው፣ ምንስ እንደሚያረጋጋው፣ ከዚህ የተሻለ ያየሁት ጽሑፍም ፊልምም የለም። ሴትዮዋ ከጠየቀችው ሳንቲም ጋር የሕዝቡ ፍርሃት ሲበርድ ይሰማል።

ከዚያ የእኛ ሙያ ሰው ሁሉ በሌሊት የሚያልመው ቅዠት ይመጣል። የጆርጅ አጎት ወደ ባንክ ሊያስገባ የያዘውን 8000 ዶላር በጋዜጣ ጠቅልሎ ሳያውቀው ለክፉው ባለጠጋ ለፖተር ያስረክባል፤ ፖተር አይቶ ዝም ይላል። ለካሸር ‹‹ጎደለ›› ከሚለው ቃል የሚከፋ የለም፤ የጎደለውን ከኪሱ የሚተካ እርሱ ነውና። ይህን ስተረጉም ድምፄ ሳይለወጥ አልቀረም፤ አጎቴ ከወንበራቸው ወደ ፊት ተስበው መጡ። ጆርጅ ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ወንዙ ሲመለከት መብራት ጠፋ፤ ያን ሌሊትም አልመጣም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አጎቴ በመስኮቴ ፊት ተራቸው ደረሰ። ገንዘብ ለማውጣት መምጣታቸውን የሚገልጸውን ወረቀት ከማቀበላቸው በፊት ጎንበስ ብለው ‹‹ያ ስምንት ሺህ ተገኘ?›› አሉኝ።

‹‹አልተገኘም ጋሼ።››

‹‹ያ ሌባ ሽማግሌስ?››

‹‹ማንም አላወቀበትም።››

‹‹እንግዲያው ልጁ ታሰረ በለኛ!››

‹‹የለም፤ የአገሩ ሰው ሁሉ እቤቱ መጥቶ አዋጣለት። መርማሪው ሳይቀር አዋጣ።››

አጎቴ የቆጠርሁላቸውን ብር ተቀብለው እንደ ልማዳቸው ደግመው ቆጠሩት። ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል። ‹‹ማን ስንት እንዳዋጣ የጻፈ ሰው ነበር?›› አሉ።

ትንሽ አሰብሁ። ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ እንጂ ደብተር የያዘ ሰው አላስታወስሁም። ‹‹ማንም አልጻፈም›› አልኋቸው።

‹‹እንግዲያማ በሚቀጥለው ገና ይጣላሉ›› አሉና ብሩን በደረት ኪሳቸው ከትተው ወጡ።